ሁለቱ «ሰባዎች»፦ ቴሌቪዥን፣ ረሃብና የራያ ቆላ መንገድ



ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌና ወደ አስመራ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ ተነስቶ ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ማውራት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ቴሌቪዥን የአዲስ አበባ ነገር ነበርና። ሆኖም በአገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ለውጥ የታየባቸው ሁለት ዓመታት፣ ማለትም 1967 እና 1977፣ ሁለቱም ከዚህ መንገድ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ በመስኮቱ የታዩት፣ ወይም እንዳይታዩ የተደረጉት፣ የወሎና የአካባቢው የተራቡ ሰዎች ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ዓመታት ክንውኖች፣ የፕሮግራም ለውጦቹንና ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች የነበራቸውን ትርጉም በቅደም ተከተል ለማቅረብ እንሞክራለን።

«ሰባዎቹ» ስንል የትኞቹን ነው?

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ ተማሪዎች ደጋግመው ከሚደናገሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የውጭ መጻሕፍት «ሰባዎቹ» ሲሉ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1979 ያለውን ዘመን ማለታቸው ነው። የዚያ ዘመን አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር 1966፣ 1967 እና 1968 ላይ ያርፋል። በእኛ አቆጣጠር «ሰባዎቹ» ስንል ደግሞ ከ1970 እስከ 1979 ዓ.ም. ያለው ነው፤ የእሱ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1985 ላይ ይውላል።

የራያ ሽማግሌዎች ግን አይደናገሩም። «ስልሳ ስድስት» ሲሉ የንጉሡን ዘመን ረሃብ፣ «ሰባ ሰባት» ሲሉ የደርግን ዘመን ረሃብ ማለታቸው ነው። ዓመቱ ራሱ የረሃቡ ስም ሆኗል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም «ሰባዎች» እንወስዳለን። ዓ.ም. ያልነው ሁሉ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጅማሬው፦ ከ1957 እስከ 1966 ዓ.ም.

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በይፋ ሥራ የጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። መሣሪያውንና ሙያውን ይዞ የመጣው ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን፣ ስቱዲዮው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ ነበር። የሚታየውም በዋና ከተማዋና በአካባቢዋ ብቻ ነው።

በዚያ የመጀመሪያ አሥር ዓመት የጣቢያው መልክ በአጭሩ ይህን ይመስል ነበር፦

– ዜናው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይቀርባል። የዜናው ራስ ብዙውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ የዕለት ውሎ ነው፤ የተቀበሉት እንግዳ፣ የመረቁት ሕንፃ፣ የጎበኙት ትምህርት ቤት።

– ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የሚመጡ ተከታታይ ፊልሞች የምሽቱን ሰዓት ይይዛሉ።

– ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የትምህርት ቴሌቪዥን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይሠራጫል።

– የልጆች ፕሮግራም አለ። ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሁላችንም «አባባ ተስፋዬ» የምንላቸው፣ ከጣቢያው የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ቆይተዋል። ፕሮግራማቸው ከንጉሡ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ ተሻግሮ ከ40 ዓመት በላይ ዘልቋል። በቴሌቪዥናችን ታሪክ ሦስት መንግሥታትን ያየ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማግኘት ከባድ ነው።

ቴሌቪዥን የሚባለው ዕቃ በዚያን ጊዜ የባለሥልጣን፣ የነጋዴና የሆቴል ንብረት ነበር። ገጠሬው ዜና የሚሰማው ከተገኘ በሬዲዮ፣ ካልተገኘ ከገበያተኛና ከመኪና ሹፌር ነው። በራያ ቆላ ደግሞ ዋናው ዜና አምጪ መንገዱ ነበር።

ስልሳ ስድስት፦ መንገድ ዳር የወጣው ረሃብ

ረሃቡ «የስልሳ ስድስት» ይባል እንጂ የከፋው ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ በተከታታይ ሲጓደል በመጀመሪያ የተጎዱት ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ ያሉት የወሎ ቆላዎችና የአፋር አርብቶ አደሮች ናቸው። አፋሮቹ ቀደም ብሎ በአዋሽ ዳርቻ ያለውን የበጋ ግጦሻቸውን ለሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች አጥተው ነበር። በራያ ቆላ ኑሮው ማሽላ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ማሳውን ካላጠጣ ማሽላው አይቆምም። ማሽላው ካልቆመ ከብቱም ይሸጣል፣ ቀጥሎ የእርሻ በሬው፣ ቀጥሎ የቤቱ ዕቃ።

የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚተነትን መጽሐፉ ውስጥ ወሎን አንዱ ዋና ምሳሌ አድርጎ ወስዷል። ድምዳሜው አስደንጋጭ ነበር። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የነበረው እህል ከወትሮው ብዙም አላነሰም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ሰው የሞተው እህል ከአገር ስለጠፋ ሳይሆን እህሉን የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው። ከብቱን በርካሽ የሸጠ፣ መሬቱን የተከራየ፣ ግብር ያለበት ገበሬ በገበያው ፊት ባዶ እጁን ቆመ።

የተራበው ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። መኪና ያልፋል፣ መንገደኛ ቁራሽ ይጥላል፣ የእርዳታ እህል ከመጣም የሚመጣው በዚያው ነው። በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም መጠለያዎች ተከፈቱ፤ በጠባቡ መጠለያ ውስጥ ወረርሽኝ ተጨመረ። የሟቾች ቁጥር በተመራማሪዎች ዘንድ አከራካሪ ሲሆን ግምቶቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳሉ። መንግሥት ግን ነገሩን በዝምታ ያዘው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው በግቢው ውስጥ ማሳየታቸው ዝምታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰነጠቀው።

የውጭው ካሜራ

ዝምታውን የሰበረው ቴሌቪዥን ግን የእኛ አልነበረም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከካሜራ ባልደረቦቹ ጋር ወደ ወሎ መጥቶ የቀረጸው ዘገባ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973) በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ቴሌቪዥን «ዲስ ዊክ» በተባለ ሳምንታዊ ፕሮግራም ታየ። ርዕሱ ሲተረጎም «ያልታወቀው ረሃብ» ማለት ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ አዋጣ፤ ዘገባው በሌሎች አገሮችም ታየ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የለንደን ሰው የወሎን ረሃብ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ አይቷል። የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚያው ወቅት በራሱ ቴሌቪዥን አላየውም። ለማየት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው መጠበቅ ነበረበት፤ ያሳዩትም ሰዎች የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ። በክረምቱ ወራት ደርግ ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ እያሰረ፣ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በቴሌቪዥን በዘውዱ ላይ ቀስ በቀስ ዘመቻ ከፈተ። ይህ በጣቢያው ታሪክ ትልቁ የፕሮግራም ለውጥ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ የንጉሡን ውሎ ሲያሳይ የኖረው መስኮት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ንጉሡን ከሳሽ ሆነ።

የዘመቻው ጫፍ የእንቁጣጣሽ ዕለት ምሽት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ፊልም አሳየ። ነገር ግን የታየው እንደ ተሠራው አልነበረም። በረሃቡ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣዎች፣ የሻምፓኝ ብርጭቆዎች፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች ገብተውበት ነበር። አዲሱ ርዕስ «የተደበቀው ረሃብ» የሚል ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ፊልሙን እንዲመለከቱ በደርግ እንደተነገራቸው በስፋት ተጽፏል። በማግሥቱ መስከረም 2 ጠዋት ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

ይህ ምሽት በቴሌቪዥን ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። አንድ ፊልም መንግሥት ጣለ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ወታደሩ ሥልጣኑን አስቀድሞ በእጁ አስገብቶ ነበርና። ፊልሙ ያደረገው ነገር ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ሰው፣ ንጉሡን ከልጅነቱ ጀምሮ በአክብሮት ያየ ሰው፣ በማግሥቱ የሚሆነውን በእርጋታ እንዲቀበል ልቡን አዘጋጀ።

ምስሎቹ እውነት ነበሩ፤ የተራቡትም፣ ግብዣውም። አንዱን ከሌላው ጎን ያስቀመጠው ግን የቆራጩ እጅ ነው። በዚያ ምሽት ስለ ንጉሡ የተባለው ብዙው ልክ ሊሆን ይችላል። ስለ ራያና ስለ አፋር ሰው ግን የተጨመረ አንድም ነገር አልነበረም። የተራበው ሰው ስም አልነበረውም፣ አልተጠየቀም፣ አልመለሰም። ከሳሽ ሳይሆን ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ከመስከረም በኋላ የመጡ ለውጦች

ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌቪዥኑም የሬዲዮውም ቋንቋ ተለወጠ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው መፈክር የዕለት ተዕለት ንግግር ሆነ። በታኅሣሥ ወር የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተላኩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን ታወጀ። እነዚህ ሁሉ በቴሌቪዥን ዋና ርዕሶች ነበሩ።

በጊዜ ሂደት ከምዕራብ የሚመጡት ፊልሞች እየቀነሱ ከሶቪየት ኅብረትና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት በዙ። የፖለቲካ ትምህርት የራሱ ሰዓት ተሰጠው። በሬዲዮ በኩል ደግሞ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ይተዳደር የነበረው «የወንጌል ድምፅ» በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ከመንግሥት ውጭ የሆነ ሕጋዊ የሬዲዮም ሆነ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም።

በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሙስሊሞች

ይህን ዘመን ያለ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. መተረክ አይቻልም። በዚያ ዕለት ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሰው፣ ሙስሊሙም ደጋፊ ክርስቲያኑም፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥቶ የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቀ። ከጥያቄዎቹ መካከል የእስልምና በዓላት በአገር ደረጃ እንዲከበሩ የሚለውና «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባል የሚለው ይገኙበታል።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የአጠራር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሕዝብ የሚታወቀው በሚጠራበት ስም ነው። «የሚኖሩ» የተባለ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በቤቱ ዜና ውስጥ ዋና ባለጉዳይ አይሆንም።

በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሐ (ዐረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብ መሩት። አላህ ይርሐማቸው። በእርግጥ ሥርዓቱ ውሎ አድሮ ለማንኛውም ሃይማኖት ሩኅሩኅ አልነበረም፤ ግን በዓሉ የሥራ መዝጊያ ቀን ሆኖ በመንግሥት መታወቁ ትልቅ ለውጥ ነው። የእንቁጣጣሹ ፊልም የታየው የ1394 ዓ.ሂ. ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። ያን ረመዳን የጾመው የወሎ ሙስሊም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓሉ እውቅና ወደሚያገኝበት ዓመት ገባ፤ ግን ብዙ ቤተሰብ በዒድ ሶላቱ ላይ አባል ጎድሎበት ነበር።

ሰባ ሰባት፦ ቀለም መጣ፣ ረሃብም መጣ

አሥር ዓመት አለፈ። ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታን ለማክበር ከፍተኛ ዝግጅት አደረገ። የፓርቲው መሥራች ጉባኤ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. የጳጉሜን ቀናት ነው፤ የአብዮት በዓሉ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ዋለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም የተሸጋገረው ከዚሁ በዓል ጋር ተያይዞ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ጣቢያ የመጀመሪያውን ቀለም ያሳየው በቀይ ባንዲራና በሰልፍ ነበር።

በዚያው ክረምት ግን በሰሜን ወሎና በትግራይ ሰው እየረገፈ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ኮሚሽነሩ ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ለለጋሽ አገሮች ማስጠንቀቂያ አቅርበዋል። ሆኖም በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ስለ ረሃቡ በይፋ እንዳይወራ መደረጉን፣ የውጭ ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ መከልከላቸውን፣ ሻለቃ ዳዊት አገር ለቀው ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል።

እዚህ ላይ ሁለቱ «ሰባዎች» ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በ1967 «የተደበቀው ረሃብ» ብሎ ፊልም ያሳየው መንግሥት፣ በ1977 በዚያው ጣቢያ፣ በአዲሱ ቀለም፣ ሌላ ረሃብ ደበቀ። ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው የተለወጠው መሣሪያው እንጂ ልማዱ አልነበረም።

ኮረም

በዓሉ ካለፈ በኋላ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ወደ ኮረምና ወደ መቀሌ ገቡ። ኮረም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከጎብዬ ተነስቶ በሮቢትና በቆቦ አድርጎ አላማጣ የደረሰ መንገደኛ የግራ ካሕሱን ዳገት ከወጣ በኋላ የሚያገኛት ደጋማና ብርዳም ከተማ ናት። የቆላ ሰው፣ ያውም የተራበና ልብስ የሌለው፣ ያን ዳገት ወጥቶ ሌሊቱን በሜዳ ሲያሳልፍ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። አሚን የቀረጸው ያን ሌሊት ተከትሎ የመጣውን ንጋት ነው።

ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) በቢቢሲ ታየ። ቀጥሎ ከ400 በላይ ጣቢያዎች በመላው ዓለም አሳዩት። በወሩ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው የእርዳታ ዘፈን ቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት በሳተላይት ከ100 በላይ አገሮች ተላለፈ። በዓለም የቴሌቪዥን ታሪክ ከታዩት ትልልቅ የቀጥታ ሥርጭቶች አንዱ ሆነ።

ገንዘቡ ሕይወት አድኗል፤ ይህን መካድ ውለታ መርሳት ነው። ከረሃቡ ጋር ተያይዞ የመጣው ሰፈራም ሌላው ታሪክ ነው። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ብዙው ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከልና ሌሎች አካባቢዎች ተወስዷል። የሟቾቹ ግምት ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል።

መሐመድ አሚን ማን ነበር?

ሙስሊም አንባቢያን ይህን ሰው በስሙ ሊያውቁት ይገባል። መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 በናይሮቢ የተወለደ፣ ቤተሰቦቹ ከፑንጃብ የመጡ ሙስሊም ነበር። ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከጦር ግንባር እስከ መካ ፎቶግራፍ አንስቷል። የሐጅን ጉዞ በምስል የሚያሳይ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1978 ታትሟል።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ በዚያው ሞተ። አሚን ግን በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን እንደገና ያዘ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት።

ያልታየው ሃይማኖት

የ1977ቱ ዘገባ ለምዕራቡ ተመልካች የቀረበው በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን አምሳል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ዘፈን ደግሞ የተራቡት ሰዎች የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። በኮረም ሜዳ ላይ ከነበሩት መካከል ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በዓላቸው የሚውለው ታኅሣሥ 29 እንጂ በአውሮፓው ቀን አይደለም፣ ቀኑንም ከጠያቂው ቀድመው ያውቁታል። ሙስሊሞችም ነበሩ፤ የእነሱ በዓል ጭራሽ ሌላ ነው።

ራያ ደግሞ ሁለቱ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ የሚኖሩበት አገር ነው። በክፉ ቀን አብረው ተሰደዋል፣ አብረው በአንድ መጠለያ አድረዋል። ካሜራው ረሃቡን አየ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን ብሎ እንደሚጸልይ፣ ሟቹን እንዴት እንደሚቀብር አልጠየቀም። ምስሉን ያነሳው ራሱ ሙስሊም ሆኖ ሳለ ትርጓሜውን የሰጡት ሌሎች ናቸው።

በሌላው ዓለም በዚያው ዘመን

ንጽጽሩ እንዲገባን ጥቂት ነጥቦች እንጨምር፦

– በሳዑዲ ዐረቢያ ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በጣቢያው ላይ ከተነሳው ተቃውሞ ጋር በተያያዘ አንድ ልዑል ተገደለ፤ ንጉሥ ፈይሰልን እ.ኤ.አ. በማርች 1975 የገደለው የዚያ ልዑል ወንድም ነው።

– በታንዛንያ የዛንዚባር ደሴት በ1960ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. በባለ ቀለም ቴሌቪዥን ስትጀምር ዋናው የታንዛንያ ምድር እስከ 1986 ዓ.ም. ገደማ ቴሌቪዥን አልነበረውም።

– ደቡብ አፍሪካ ሀብታም ብትሆንም የአፓርታይድ መንግሥት ቴሌቪዥንን ስለፈራ አገር አቀፍ ሥርጭት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1976 ነው። ኢትዮጵያ ከእርሷ አሥራ አንድ ዓመት ቀድማለች።

– ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1975 እና 76 በሳተላይት አማካይነት ከ2 ሺህ በላይ ለሆኑ መንደሮች ስለ እርሻና ጤና የሚያስተምር ፕሮግራም ሞክራለች። በእኛ አገር ሞገዱ ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅበት ጊዜ እዚያ ቴሌቪዥኑ ገበሬው ዘንድ ሄዷል።

– እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1974፣ ንጉሣችን ከወረዱ ሳምንታት በኋላ፣ ሙሐመድ ዓሊ በኪንሻሳ ጆርጅ ፎርማንን ያሸነፈበት ግጥሚያ በሳተላይት ለዓለም ተላልፏል።

የቀናት ማጠቃለያ

– ጥቅምት 23 ቀን 1957፦ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተመረቀ።
– ጥቅምት 8 ቀን 1966፦ የዲምብልቢ ዘገባ በእንግሊዝ ታየ።
– ሚያዝያ 12 ቀን 1966፦ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ በአዲስ አበባ።
– ሰኔ 21 ቀን 1966፦ ደርግ ተቋቋመ።
– መስከረም 1 ቀን 1967፦ «የተደበቀው ረሃብ» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን።
– መስከረም 2 ቀን 1967፦ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።
– 1967፦ ሦስቱ የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ።
– መጋቢት 1969፦ «የወንጌል ድምፅ» ሬዲዮ ተወረሰ።
– ጳጉሜን 1976 እና መስከረም 1977፦ የኢሠፓ ምሥረታ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ የቀለም ቴሌቪዥን።
– ጥቅምት 13 ቀን 1977፦ የኮረም ዘገባ በቢቢሲ።
– ሐምሌ 6 ቀን 1977፦ «ላይቭ ኤይድ»።

ለእኛ የቀረው ሥራ

ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የራሳቸው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሏቸው። በጎብዬ ወጣቱ ዜናውን በስልኩ ያያል፤ ራሱም ይቀርጻል። በ1967 እና በ1977 ያልነበረው ይህ ነው፤ ምስሉን የሚያነሳው፣ የሚቆርጠውና የሚያሳየው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፣ ስልሳ ስድስትንና ሰባ ሰባትን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች አሁንም በመካከላችን አሉ፤ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስልክ ያለው ሁሉ ከዐስር ሶላት በኋላ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ሊያስቀምጣቸውና ሊጠይቃቸው ይችላል። የት ነበራችሁ? ማን ሞተባችሁ? የት ተቀበሩ? በየትኛው መጠለያ ነበራችሁ? ማን ረዳችሁ? ስም፣ ቀንና ቦታ ይመዝገብ። የዓለም ቴሌቪዥን የእነዚህን ሰዎች ፊት ወስዷል፤ ስማቸውን ግን አልወሰደም። ስማቸው አሁንም እዚሁ ነው።

ሁለተኛው፣ የተቆረጠና የተቀጠለ ምስል ሲደርሰን ማን አነሳው፣ ማን ቆረጠው፣ ለምን ዛሬ ታየ ብሎ መጠየቅ ልማዳችን ይሁን። የእንቁጣጣሹ ምሽት ፊልም የሚያስተምረን እውነተኛ ምስልም ቢሆን በአሳዪው እጅ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው ዝምታ ደግሞ፣ የሌላውን ረሃብ ያጋለጠ የራሱን ሊደብቅ እንደሚችል ነው።

በሁለቱ ዘመናት ለተለዩን ሁሉ አላህ ይዘንላቸው። ወላሁ አዕለም።